ከመሳቢያ የወጣች ጓደኛ

ሰፈሩ ውስጥ ፎቶ አንሺው ያላነሳው ሰው የለም፤ የገዛ ልጁን ፊት ግን ስልኳ ላይ ካቀረቀረች ወዲህ በቅጡ አይቶት አያውቅም። እናቷ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ስለምትኖር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ አንዷም ስልኳ ውስጥ ናት።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሪው?»

«ከሰው ጋር።»

«እኔስ መቼ ከበግ ጋር አልኩሽ?»

አልሳቀችም። በሯን ዘጋች።

ምክር ቢጠይቅ ጎረቤት ሞልቶለት ነበር። እሱ ግን ሲፈጥረው ብልህ ነኝ ባይ ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ሰዎች ተነስተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች የሚጠራቀሙበት መሳቢያ አለ። ከዚያ ውስጥ ፈገግ ያለች፣ የልጁ እኩያ የምትመስል ልጅ መረጠ። በእሷ ፊትና በፈጠራ ስም ገጽ ከፍቶ ለልጁ የጓደኝነት ጥያቄ ላከ። ልጁ ወዲያው ተቀበለች።

«ልጠብቃት ብዬ ነው» ይል ነበር ለራሱ። መጀመሪያ እውነትም ለጥበቃ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ እየገባ ይጽፍላት ጀመር። በልተሻል ወይ? ፈተናው እንዴት ነበር? ለእሱ በአንድ ቃል የምትመልስ ልጅ ለመሳቢያዋ ልጅ ዘርዝራ ትጽፋለች። የክፍሏ ልጆች ፎቶዋን እየተቀባበሉ እንደሳቁባት፣ ከዚያ ወዲህም ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ የሰማው በዚህ መንገድ ነው። ራት ላይ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ ግን በምን አፉ ያንሳው? የሰማችው እኮ ሌላዋ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ገጽ ከማያውቃት ሴት መልእክት መጣ።

«ይህ የልጄ ፊት ነው። ፎቶውን ሳትወስደው ነው የሞተችብኝ። አንቺ ማን ነሽ?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው፤ መልሶ አነሳው። ገጹን ቢያጠፋው የሚያውቅበት አልነበረም። ግን ልጁ ያለቻትን አንዲት ጓደኛ በጣቱ ሊገድልባት ነው፤ ያቺ እናትም ልጇ ሁለተኛ ልትሞትባት ነው። ፎቶ ቤቱን እንኳ ሳይዘጋ ወደ ቤት ሮጠ።

ከመሳቢያው ጀምሮ ሁሉንም ለልጁ ነገራት።

«ሁሉንም አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ፣ የኔ እናት።»

«የኔ እናት አትበለኝ። እኔ የነገርኩት ለእሷ ነው። ላንተ አይደለም።» ስልኩን ወደ እሱ ገፋችለት። «አሁን ለሴትዮዋ ጻፍላት። በራስህ ስም።»

ሴትዮዋ በማግስቱ ፎቶ ቤቱ መጣች። ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቢጠብቃት፣ እሷ ቀና ብላም አላየችው። ፎቶውን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳበሰችውና ከአባቷ አጠገብ ወደቆመችው ልጅ ዞረች።

«ምን ትልሽ ነበር?»

«እሷ አልነበረችም፣ እትዬ። አባቴ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ምን ትልሽ ነበር?»

ልጅቷ አባቷን አየት አደረገችው። «በልተሻል ወይ ትለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ደግሞ… ሰዎች ቢስቁብሽም ቀና ብለሽ ሂጂ ትለኝ ነበር።»

«እሷው ናት» አለች ሴትዮዋ፤ ፎቶውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወጣች።

የዚያን ቀን ልጅቷ ሕግ አወጣች። ከእንግዲህ በጓሮ በር ገብቶ ማየት የለም። ራት ላይ ስልኮቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማሳየት የፈለገ ያሳያል፣ ያልፈለገ አይገደድም።

«የኔም ስልክ ጭምር?»

«በተለይ ያንተ።»

ገጹን ከመዝጋታቸው በፊት «ቆይ» አለችው። በራሷ ስልክ «ቻው» ብላ ጻፈች። እሱ እጅ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እሱም ገጹን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ በራሱ ስም፣ በራሱ በራ ጭንቅላት፣ የጓደኝነት ጥያቄ ላከላት። «አይቼዋለሁ» አለች፤ «አስብበታለሁ።» እስካሁን እያሰበችበት ነው። ራት ላይ ግን አንዳንዴ ሳይጠይቃት ስለ ክፍሏ ልጆች ትጀምርለታለች። ዓይኗን ከእሱ ትንሽ ፈንጠር አድርጋ፣ ጎኑ ለተቀመጠ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል። እሱም ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይሰማታል፤ ወደ ጎኑ ዞር ብሎ ላለማየት እየታገለ።