ቀዝቃዛ ውሃና ጨው

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ነው፤ በሙቅ ውሃ ከነካካችሁት ጨርቁ ላይ ይቀራል። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ አስተምራለሁ። ታላቅ እህቴንም ከአራት ወር በፊት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ለጎረቤት ነው ብላኝ ነበር።

ቅዳሜ ልጠይቃት ሄድኩ። መኝታ ቤቷ በር ሥር ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ የተዘፈዘፈ አንሶላ፣ ከጎኑ በፌስታል ጨው። እህቴ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ አምስት ዓመት አልፎታል።

«እታለም፣ ይሄ የማን ነው?»

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ!»

«አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። ከባለቤቴ ጋር ስንሆን ደግሞ ይብስበታል። እርጅና ነው። እሱም የሴት ነገር ነው፣ ይተውሻል አለኝ።»

ብግን አልኩ። «ምን እርጅና ነው ደም የሚያወርደው? ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አንቺ ጨዉን ከማሳየትሽ ቀደም ብሎ።»

በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። አፍራ በደበቀችው በእሷ? በዶክተር ነኝ ባዩ ባሏ? ወይስ መደበቂያውን ባስያዝኳት በእኔ? ጎረቤቲቱ ማን ናት ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም! ከማጠቢያ ክፍላችን ፊት ለፊት ስለ ማህፀን በር ካንሰር የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ካያችሁ፣ ከግንኙነት በኋላ ከደማችሁ፣ የሚሸት ፈሳሽ ካለ አትቆዩ ይላል። ጋሪ ሙሉ አንሶላ እየገፋሁ በየቀኑ አልፈዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ሆስፒታላችን ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ ስጮህባት ነበር። «ኧረ ሰው ይሰማል» ትለኛለች። «ይስማ!» እላታለሁ።

ነርሷ መርምራት ናሙና ወሰደች። «የማህፀን በሯ ላይ የተለወጠ ነገር አለ። ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ይነግረናል። ግን ከአራት ወር በላይ መቆየት አልነበረባትም። አንዲት ጠብታም ብትሆን መምጣት ነው። ለውጡ ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ ምልክት የለውም፤ ምንም ሳያማችሁም መመርመር አለባችሁ» አለችን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ መቼ ነው የተመረመርሽው?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማጠቢያ ክፍሌንና ይህን የምርመራ ክፍል የለየው አንድ ኮሪደር ነው። ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

እህቴ ቀሚሷን እያስተካከለች ከአልጋው ወረደች።

«መልሺላታ! ሰው ይስማ!» አለችኝ። «በይ ቦርሳሽን ወዲህ በይ፣ እኔ እይዝልሻለሁ። አልጋው ላይ ውጪ።»