የደባርቅ ወባ

«ማን ገደለው አይባልም! ለጠየቀ ሁሉ ‹ወባ ነው› በሉ፤ አለቀ!» አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጋሽ ማዕረግ፣ ለቀስተኛው መሃል ቆመው። የደምለው ሰልስት ነበር።

ደብሪቱ ከሏን አፏ ላይ ጠቀለለች። የደርግ ካድሬዎች «ፈረንጅ መራህ» ብለው ባሏን ዳባት መንገድ ላይ በጥይት ደፍተው፣ አሁን ደግሞ በወባ ሊገድሉት! ወይ ጉድ! በዚህ ብርድ፣ ደባርቅ ላይ ምን ወባ አለ?

ጎረቤቷ ሸሀቡ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ትናንት የውጭ ሬዲዮ ሰማሁ። ያ ደምለው የመራው ጋዜጠኛ ስለ ጃናሞራ በጻፈው ተሸለመ። ሰው የረሳውን ጦርነት አሳወቀ ተባለ።»

«ደምለውንስ ምን አለው?»

ሸሀቡ አቀረቀረ። «‹አንድ በቅሎ ነጂ መራኝ› ብሏል።»

«አንድ በቅሎ ነጂ?»

«ስሙን ብጠራው ይገድሉታል ብሎ ይሆናላ።»

«ሳይጠራውስ መች ማሩት!»

የደርግ አውሮፕላን የጃናሞራን ገበያ የመታ ዕለት ደምለው እህል ጭኖ እዚያው ነበር። ሲመለስ ምግብ አልቀምስ አለ። «ጨው ሊገዙ የወጡ ሴቶች፣ ደብሪቱ! ጨው!» ይላል እየደጋገመ። ፈረንጁ የመጣ ጊዜ እንዳይመራው የባሏ እግር ላይ ወድቃ ለመነችው፤ እሱ ግን በቅሎዋን ጭኖ ወጣ። የፈረንጁ አስተርጓሚ ስሙን ከጽሑፉ ሊያስቀርለት ቢል እንዴት እንደተቆጣ ኋላ ራሱ ነግሯታል። «ደምለው ቢራራ ብለህ ጻፍ! ስም የሌለው ምስክር የትኛው ሸንጎ ፊት ይቆማል?»

ደብሪቱ ብድግ አለች። ከጓሮ በቅሎዋን አወጣች፤ ኮርቻውን ጫነች፤ የባሏን ጋቢ ኮርቻው ላይ ደረበች። በአገሩ ወግ የሟች በቅሎ ለልቅሶ የምትወጣው የጌታዋ ስም እየተጠራ ነው። ለደምለው ይኼም ተከልክሎ ነበር።

ጋሽ ማዕረግ በሩ ላይ ተገተሩ። «ኧረ ልጆችሽን አስቢ!»

«ይለፉኝ፣ ጋሽ ማዕረግ! እሱ ለጃናሞራ ሙታን መሰከረ፤ ለእሱስ ማን ይመስክር? ፈረንጁ ሽልማቱን ይታቀፍ! ደባርቅ ወባ የለም! ደምለው ቢራራን በጥይት ነው የገደሉት!»

«ደምለው ቢራራ!» አለ ለቀስተኛው፣ ደረቱን እየመታ።

በቅሎዋ ደንብራ ጋቢው ተንሸራተተ። ጋሽ ማዕረግ ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጋቢውን ኮርቻው ላይ መልሰው አስተካከሉና ከበሩ ዞር አሉ።