የዛጎሎቹ ለቅሶ

ነሐሴ 17 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉርድ ሾላ በጎረቤቴ በዘርአጽዮን ግቢ መሐል ቆሜ፣ ከነጭራሹ ተወልዶ ለማያውቅ ሰው ኡኡ ብዬ አለቀስኩ።

ዘርአጽዮንን ባለፈው ጥር ቀበርነው። በለቅሶው ላይ ይህን ማውራት አልሆነልኝም፤ ሳቄ ይቀድመኛል ብዬ ፈራሁ።

ዘርአጽዮን የዓሣ ባለሙያ ነበር። ያን ክረምት ከሐይቅ የታመሙ ዓሦችና ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች አምጥቶ በአንድ በርሜል አኖራቸው። ዓሦቹ አለቁ። ዛጎሎቹ ግን ውሃውን እየጠጡ፣ አጣርተው እየተፉ፣ እንደ መስተዋት አጠሩት። የሱ ጥያቄ የዓሦቹ በሽታ በዛጎሎቹ ሆድ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚል ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደቻሳ በርሜሉን አየና ዓይኑ በራ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌው ዓሣ የሚያረባበትን ኩሬ የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ፤ ኩሬው ግን በጎርፍ ደፍርሶ ዓሣና ድንጋይ አይለይም።

«ይህን ተአምር ደብቀህ ትኖራለህ?» አለው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የጠራው ውሃው እንጂ እነሱ አይደሉም። የዓሣ ቫይረስ ጠጥተዋል።»

«ሲጠጡ አይተሃል?»

«በዓይን አይታይም።»

«እንግዲያው ለእንግዶቹም አይታይም! ሐሙስ ጠዋት በጋሪ ወደ ኩሬው አስወስዳቸዋለሁ።»

ዘርአጽዮን ዛጎሎቹን ቢሰጥ የኩሬው ዓሦች ያልቃሉ፤ ባይሰጥ ደግሞ ትእዛዝ እምቢ አለ ይባላል። በሁለቱም በኩል ስሙ አሻጥረኛ ነው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው መመለሱን እንጃ።

ረቡዕ እኔ ዘንድ መጣ። የሰፈሩ አልቃሽ እኔ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ለቅሶ ስደርስ ስደርስ የለመድኩት ነው።

«እትዬ ትርሓስ፣ ጥቂት ቀን ባገኝ! ዛጎሎቹን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አዛውሬ፣ ከኩሬው ጫጩት ዓሦች ጨምሬ፣ የሚሆነውን ባሳየው።»

«ከሐዘን ቤት ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ማን ሞተ?»

«አጎትህ።»

«አጎት የለኝም እኮ።»

«ይሻላል፤ አይቀየመንም።»

ስሙን ገብረሰንበት አልነው። አገሩ ትግራይ፣ መንገዱ በጦርነት የተዘጋ፣ ሄዶ የሚያጣራ የለም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የጎረቤት ሴቶችን አስከትዬ ዘርአጽዮንን መርዶ አረዳሁት፤ ጋሪው ሲደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ጓድ ደቻሳ ጋሪውን መልሶ፣ ጋቢውን ደርቦ መጣና ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ። እኔም ደረቴን እየመታሁ፦

ገብረሰንበት ጋሻ፣ ገብረሰንበት ጥላ፣
በቅሎህ ከደጅ ቆማ ማን ይጫናት ሌላ?

ሊቀመንበሩ ዕንባውን ጠረገ። «ስንት በቅሎ ነበራቸው?» ሲል ጠየቀ።

«አንድ» አለ ዘርአጽዮን።

«ሁለት» አልኩ እኔ፣ እኩል።

«አንዷ ቀድማው ሞታ ነው» ብዬ እንደገና ኡኡ አልኩ።

የሴቶቹ ዕንባ ግን እውነት ነበር። ብዙዎቻችን ትግራይ ዘመድ ነበረን፤ ይሙት ይኑር ወሬ የለም። ማልቀስም ሟርት ይሆናል ብለን ይዘነው ነበር። በገብረሰንበት አሳበው የየራሳቸውን አለቀሱ። ሠልስቱ ወጥቶም መምጣታቸውን አላቆሙም፤ እኔም እስከ ሰባቱ ዝም አላልኩም።

ዘርአጽዮን በመጀመሪያው ሌሊት ዛጎሎቹን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አዛውሮ ጫጩት ዓሦቹን ጨምሮ ነበር፤ በሰባቱ ጠዋት ጫጩቶቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ተንሳፈፉ። ውሃው ወለል ብሎ የጠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ይታያል። ዘርአጽዮን ጓድ ደቻሳን በእጁ ምልክት ጠራው። ሊቀመንበሩ እጁን ወደ በርሜሉ ሰደደና መለሰ።

«በንጹሕ ውሃ?»

«በንጹሕ ውሃ።»

«ታዲያ በሽታው መቼ ነው የሚለቃቸው?»

«እሱን ገና አላወቅሁም።»

 ደቻሳ መጀመሪያ በርሜሉን፣ ከዚያ ዘርአጽዮንን፣ ከዚያ እኔን አየ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ሌላ ጊዜ አጎት ስትገድሉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ» አለን። «ጋቢዬን ላሳጥብ።»

ዛጎሎቹ ኩሬው ውስጥ አልገቡም። በበዓሉ ዝናብ ነበረና እንግዶቹ ከመኪና አልወረዱም። ዓሦቹ በደፈረሰው ውሃ አደጉ፤ በታኅሣሥ ቀበሌው አጥምዶ ሸጣቸው።