የእትዬ ገላነሽ እንቁላሎች

እንደሻው እንቁላሉን በካርቶኑ ቀዳዳ ላይ አስቀመጠና ከሥር የስልኩን መብራት አበራ። ክፍሉ ጨልሟል፤ ሚስቱ ዕፀገነት ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ወጥራ በሁለት እጇ ይዛለች። እንቁላሉ ውስጥ ቀያይ ክሮች እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተው፣ መሃላቸው ላይ አንዲት ነጥብ ትወዛወዛለች።

"ነፍስ አለው" አለ።

ይሄ ሸዋ በር ገበያ ከዘቢባ የገዛው ነው። ዘቢባ ከገጠር እንቁላል በጭድ ሸፍና እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት፤ የእሷ እንቁላሎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ሕይወት ዘርተዋል። ቀጥሎ በእስክሪብቶ "ገ" ብሎ ምልክት ያደረገባቸውን ማንሳት ጀመረ። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሁለተኛው ጠቁሮ ጭቃ መስሏል። ሦስተኛው ገና ወደ አፍንጫው ሳይጠጋ ሸተተው። አንዱን እየጣለ ሌላውን ሲያነሳ፣ ከእነዚህ ውስጥ ነፍስ ያለው አንድ እንኳ ጠፋ።

"አውቃ ነው" አለ።

"ማን?"

"ማን ትሆናለች፣ ያቺው ናታ። ከፍሪጅ አውጥታ ነው የሰጠችኝ። ለእኔ የሚሰጥ ነገር መቼም ትራፊ ነው።"

ዕፀገነት ብርድ ልብሱን ለቀቀችው፤ ብርሃኑ ገባ። ከታረቃችሁ ገና ወር አልሞላም ብቻ አለች።

ገላነሽ የሟች ታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት። ወንድሙ የሞተ ጊዜ፣ ተዝካሩ እንደወጣ፣ የቆዳ ጃኬቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ለጎረቤት ሰጠችው። እንደሻው እዚያው ቁጭ ብሎ እያየ። ጃኬት አጥቶ አይደለም፤ የወንድም ልብስ የወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። መቼም ሰው እንደሻውን መናቅ ይቀናዋል። መጋዘን ሲጠብቅ በኖረበት መሥሪያ ቤት፣ ስምንተኛን አላለፍክም ተብሎ ትናንት የመጣ ልጅ አለቃው ሆነ። ዕድር ላይ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው ሌላ ሌላውን ያያል። ጡረታ ወጥቶ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን ቢገዛ ደግሞ፣ የዶሮ ነገር የሴት ነው ብለው "ታቃፊው" የሚል ስም አወጡለት።

ገላነሽ ናት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቀድማ እጁን የያዘችው። ማሽን መግዛቱን ሰምታ ኖሮ፣ ከራሷ ዶሮዎች እንቁላል እንደምታመጣለት፣ ጫጩቶቹንም እኩል እንደሚካፈሉ ነገረችው። በሳምንቱ በቅርጫት ይዛ መጣች፤ እንቁላሎቹ እንደ ሕፃን ጥርስ ያበራሉ። እንደሻው ያን ዕለት በደስታ ራት አልበላም፤ ለዕፀገነት ግን ሆዴን አሞኝ ነው አላት። አሁን ከምንም በላይ ያናደደው ያ ደስታው ነው።

የተበላሹትን በፌስታል ቋጠረ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ እንቁላልሽን እንቺ ብሎ ሊመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ በሌላው ቀብር ላይ ካልሆነ ላይተያዩ።

"ይህን ይዘህ ከሄድክ ሁለተኛ መታረቅ የለም" አለችው ዕፀገነት በሩ ላይ።

"ማን መታረቅ ፈለገ።"

ደጅ ላይ ጎረቤቱ ነስሮ ባጃጁን ያጥባል። ገና ሲያየው ሳቀ።

"አቦ እንደሻው፣ እንቁላሎቹን ለማን ጥለህ ወጣህ? ይበርዳቸዋል እኮ።"

"ግባና አንተ ታቀፋቸው።"

"እኔ ወላሂ እግሬ ረጅም ነው፣ እሰብራቸዋለሁ" አለና አሳፍሮት ገላነሽ ወዳለችበት ወደ ሐኪም ጋራ ሰፈር ወሰደው። መንገድ ላይ ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሊጠይቅ ዞር አለ፤ ሽታው ሲደርሰው ግን የባጃጁን መጋረጃ ገለጠ።

ገላነሽ ጓሮዋ ውስጥ ለዶሮዎቿ ማሽላ ስትበትን አገኛት። ስታየው የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችው፣ ጎትታ አስገባችው፣ ከወንድምህ ወንበር ላይ ካልተቀመጥክ አለች። ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ፌስታሉን እግሩ ሥር አደረገው። በመንገድ ሲያሰላስለው የመጣው ንግግር ነበረው፤ እሷ ግን ፋታ አልሰጠችውም። ስለ ዕፀገነት ጠየቀች፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቀች፣ ከዚያ ወደ እንቁላሉ መጣች።

"የሰጠሁህ ደኅና ናቸው? እኔማ ጨንቆኝ ነበር። ኩስ የነካው አለ፣ ጭቃ የነካው አለ። እንዲህ ያለውን ብሰጠው፣ እንደሻው ደግሞ ናቀችኝ ብሎ ይቀየመኛል ብዬ በሙቅ ውሃና በሳሙና አንድ በአንድ አሸኋቸው። ኋላም በሎሚ ደገምኳቸው።" ሳቀች። "አንተን ማስቀየም እንደሁ ቀላል ነው።"

ማሽኑን የሸጠለት ሰው አጥብቆ የነገረው ነገር ቢኖር ይሄ ነበር፤ የሚፈለፈል እንቁላል አይታጠብም፣ ከታጠበ ይበሰብሳል። እንደሻው እንቁላሎቹን ሲቀበል ይህን ለገላነሽ አልነገራትም ነበር። መች በቅጡ ተነጋገሩና። ሳፋ ላይ አጎንብሳ፣ እሱን እየፈራች እንቁላል ስታሽ ታየችው። ሰው እንደሚንቀው እንጂ ሰው እንደሚፈራው አያውቅም ነበር። ነገሩ አላኮራውም።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አለች ወደ ፌስታሉ እያየች።

"እንቁላሎቹ ናቸው። ተበላሹ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የእኔ ጥፋት ይሆን እንዴ?"

እንደሻው የፌስታሉን ቋጠሮ አጠበቀ። ዕድሜ ልኩን በደል ሲቆጥር ኖሮ፣ የማያከራክር የሌላ ሰው ጥፋት እንዲህ በእጁ ገብቶለት አያውቅም። አንድ ቃል ይበቃዋል። የጃኬቱን ነገር አልረሳም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገና ይነሳል።

"መብራት ሄዶ ነው" አለ በመጨረሻ። "እኔም ተኝቼ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ተመስገን እንግዲህ፣ መብራት እኮ ማንንም አልማረም" አለች፤ ፊቷ ፈታ አለ።

"ሌላ ካለሽ ስጪኝ፣ እትዬ።"

ወጥታ ከዶሮዎቹ ጎጆ የዕለቱን በቀሚሷ አቅፋ ተመለሰች። ላባ የተጣበቀበት፣ ኩስ የደረቀበት እንቁላል ነው። እያፈረች ወደ ውሃው ጀሪካን ዞረች።

እንደሻው ተነሥቶ እጇን ያዘ። "ውሃ አታስነኪው።"

"ኩስ እኮ ነው፣ እንደሻው።"

"ይሁን። እንዳለ ስጪኝ።"

አተኩራ አየችው፤ ይቀልድ እንደሆነ ገና አልለየላትም። እሱ የክት ኮፍያውን አወለቀ፣ ገልብጦም ዘረጋላት።

"በዪ" አላት።

የመጀመሪያውን አቀበለችው። ላባውን እንኳ ሳይነቅል ኮፍያው ውስጥ አስቀመጠውና ለሚቀጥለው እጁን ሰደደ።