ስሙ የተፋቀ በርሜል

ራስል ፔንግሊ ሌባ አልነበረም። ሁለቱን በርሜሎች ከወንዙ ዳር ጎትቶ ጓሮው ካለው ቆርቆሮ ቤት ካስገባበት ቀን ጀምሮ ይህንኑ ለራሱ ሲነግረው ከርሟል፤ ሰው ደግሞ ያልተጠየቀውን ነገር እንዲህ አብዝቶ ሲመልስ መቼም ደህና አይደለም። ጎርፉ ያመጣው ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ይላል። እርግጥ ነው፣ ማሪ ወንዝ በገና ሰሞን ሞልቶ የሰው ፍሪጅ፣ የሰው ጀልባ፣ የሰው ዶሮ ቤት ሲያንሳፍፍ ቆይቶ ሲጎድል፣ ሁለት የብረት የቢራ በርሜሎች ከራስል አጥር ግርጌ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተሸጉጠው ተገኙ። አልጠራቸውም፤ ራሳቸው መጡ።

ግን በርሜሎቹ ስም ነበራቸው። አንገታቸው ላይ የትልቁ ከተማ ቢራ ፋብሪካ ስም፣ ከሥሩም ንብረትነቱ የፋብሪካው እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ብረቱ ላይ ተመትቷል። አንደኛው ደግሞ ወገቡን በቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀበቶ የታጠቀ ይመስላል። ራስል ዕድሜውን በሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የአንድ መጠጥ ቤት ምልክት ይሆናል ብሎ አለፈው።

ሚስቱ ግሌኒስ ከኋላው ቆማ አየች። እሷ ነገር አታበዛም። ለፋብሪካው ደውልላቸውና መጥተው ይውሰዱ አለችው። እሱ ግን መልሱን አዘጋጅቶ ነበር፦ ፋብሪካው በየዓመቱ ስንትና ስንት በርሜል ይጠፋበታል፣ እነዚህንም ድሮ ከመዝገቡ ሰርዟቸዋል፣ ቢመለሱለት እንኳ አቅልጦ ቆርቆሮ ነው የሚያደርጋቸው፣ እኔ ጋ ግን ሥራ ያገኛሉ። በርሜሎቹን ከሞት ያዳናቸው አስመሰለው።

«እንግዲያው ደውለህ ጠይቃቸዋ» አለች ግሌኒስ። «አንፈልግም ካሉህ ያንተ ናቸው። ምን ቸገረህ?»

እደውላለሁ አለ። አልደወለም። ይፈልጓቸው ይሆናላ።

ራስል በሚኖርባት በታልንጋ ከተማ፣ ቢራ በየቤታቸው የሚጠምቁ አሥራ አራት ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ራስልም አንዱ ነው። በማኅበሩ ደንብ ስም የተመታበት በርሜል ይመለሳል እንጂ አይጠመቅበትም። ደንቡን ያወጣው አይቨር ትሬምባት ነው፤ በቢራ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት በርሜል ሲያጥብ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ደረቅ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። ለራስል ጠመቃን ከሀ እስከ ፐ ያስተማረው እሱ ነው። የራስል አባት የሞተ ጊዜም ከመቃብሩ አጠገብ ትከሻውን ይዞት የቆመው እሱ ነበር። እንግዲህ ራስል የፈራው ፋብሪካውን አልነበረም፤ የአይቨርን ዓይን ነው።

ስለዚህ ግሌኒስ እህቷ ዘንድ በሄደችበት አንድ እሑድ ብረት መፋቂያውን ግራይንደር አወጣ። መጀመሪያ ስሙን ፋቀ። ቀጥሎ ቀዩን ቀለም ፋቀ፤ ማን ያውቃል፣ ያንን ቀለም የሚያስታውስ ሰው ቢኖርስ? ከዚያ ሁለቱንም በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ አንጸባረቃቸው። ሲጨርስ የትኛው የትኛው እንደነበር ራሱም አያውቅም ነበር። ደስም አለው፣ የዋህ!

አንድ ነገር ቀረው። ከሜዳ የተገኘ በርሜል አፉ ተፈትቶ፣ ውስጡ በባትሪ ታይቶ ነው ቢራ የሚገባበት፤ ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ነገር ግን የበርሜል አፍ የሚፈታው መፍቻ ለማኅበሩ በሙሉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አይቨር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀመጣል። መፍቻ ሊዋስ የመጣውን ሁሉ አይቨር «ለየትኛው በርሜል?» ይለዋል። ራስል ያንን ጥያቄ ሽሽት መፍቻውን ተወው። በማግሥቱ አፉን ሳይፈታ፣ ቢራው በሚቀዳበት ቫልቭ በኩል ሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ እየሞላ አስወጣ። ከአንደኛው መጀመሪያ ጠቆር ያለ፣ አረንጓዴ የመሰለ ውሃ ወጣ። ግሌኒስ ከበሩ ላይ አፍንጫዋን ይዛ ምን ይሸታል አለችው። የወንዝ ጭቃ ነው አላት፤ ጭቃ እንደዚያ እንደማይሸት ልቡ እያወቀ።

አይቨር ሰባ አምስት ዓመት በሞላው ዕለት ራስል አንደኛውን በርሜል ጥቁር ቢራ ሞልቶ፣ ሪባን አስሮ ወሰደለት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አይቨር እንደ ልማዱ መዳፉን በበርሜሉ አንገት ላይ አስኬደና የተፋቀው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ራስልን አየው። ራስል ሳይጠየቅ ከብረት ለቃሚ ነው የገዛሁት አለ። አይቨር እንዲያ ከሆነ ጥሩ አለና አቀፈው፤ በርሜሉንም ሳይከፍት ለማታ ማታ መጠጡ አስቀመጠው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አይቨር ሆስፒታል ገባ። በመጀመሪያ ኩላሊቱ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላገኙትም። ከተማው ዕድሜ ነው አለ። ራስልም አብሮ ዕድሜ ነው አለ፤ አምኖ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ሊገዛ ሱቅ ሄደ። ብርቱካን አምራቹ ኪሪያኮስ ማንታስ በሩ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ነበር። ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ገና በዚያ ሳምንት መከፈቱ ነው፤ መጋዘኑን ቢያየው ግማሹ ዕቃ የለም። ወረቀቱ በጎርፍ የተወሰደ የብረት በርሜል ያገኘ ሰው እንዳይከፍተው፣ እንዲደውልለት ይላል። ወገቡ በቀይ ቀለም የተቀባ።

ራስል ዳቦውን ታቅፎ ቆመ። ውስጡ ምን ነበረ ብሎ ሲጠይቅ የሌላ ሰው ድምፅ የሰማ መሰለው።

«የአረም መድኃኒት፣ ያ አሮጌው ዓይነት» አለ ኪሪያኮስ። «በአየር ገፍቼ ወደ መርጫው እልከው ነበር። የነካው ቅጠል በነጋታው ጠውልጎ ቡናማ ይሆናል። ሰው ጠብታ ከዋጠማ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ መጀመሪያ ኩላሊት፣ ከዚያ ሳንባ።» ወረቀቱን በመዳፉ አስተካከለ። «እኔም ብሆን የሰው በርሜል ነው፤ አባቴ ከአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ያመጣው ነው። ያኔውኑ መመለስ ነበረብን። ብቻ አንድ ነገር ያጽናናኛል፣ ቀይ ቀለሙ እዚያው አለ። ዕውር ካልሆነ በቀር ማን ይነካዋል?»

ራስል ማንም አይነካውም አለ። እቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም።

የዚያን ሰዓት ስልኩን አንስቶ ሆስፒታሉ ጋ ቢደውል ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። አልደወለም። ሁለት በርሜሎች ናቸው፣ አንደኛው ገና እኔ ዘንድ ነው፣ መርዙ የነበረው በዚህኛው ቢሆንስ፣ አለ። ያ ከሆነ የአይቨር ሕመም በውነትም ዕድሜ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ ስሜን በከንቱ ለምን አጠፋለሁ? በርሜሉን አውጥቶ የጠመቀበትን ቢራ ከቆርቆሮ ቤቱ ኋላ ሣሩ ላይ ደፋው፣ እስከ ጠብታው። ካልጋው ሆኖ ነገ ሣሩ ደርቆ ይደርልኝ ሲል አደረ። በዕድሜው ሙሉ ውሃ ሲያጠጣው የኖረውን ሣር!

ዓርብ ጠዋት ሣሩ አረንጓዴ ነበር።

ምናልባት ቢራው አቅጥኖት ይሆናል፣ አንድ ቀን ይጨመርለት አለ። ዓርብን ሙሉ እየወጣ አየው። ግሌኒስ ሆስፒታል ደውላ ነበር፤ አይቨር ከመጸዳጃ ቤት እስከ አልጋው መራመድ እንደከበደው ነገረችው። እሺ አለና እንደገና ወደ ሣሩ ወጣ። ማታ እራቱን ለውሻው ሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ ጭራሽ አምሮበት ጠበቀው። ራስል ተንበርክኮ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገልጦ ሥራቸውን አየ። አንድም የጠወለገ አልነበረም። ግሌኒስ ከኋላው መጥታ ምን ጠፋብህ አለችው። ያኔ ሁሉንም ነገራት፤ ፊቱን ሳያዞር፣ ለሣሩ እያወራ።

ግሌኒስ አልጮኸችም። የመኪናውን ቁልፍ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችው። «ለሐኪሙ ንገር። አሁኑኑ ሂድ።»

ሆስፒታሉ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። እንደደረሰ በመጀመሪያ ያገኘውን ነጭ ጋውን ለባሽ ያዘ፤ ወጣት ሐኪም ናት፣ የአይቨርን መዝገብ በብብቷ ይዛለች። ቆማ ሰማችው። የመድኃኒቱን ስም ጠየቀችው፣ የኪሪያኮስን ስልክ ቁጥር ጻፈች፣ አይቨር ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ ጠየቀች። ከዚያ ብዕሯን ቀና አድርጋ ይህን መቼ ነው ያወቅኸው አለችው።

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች ሐኪሟ። መዝገቡን ይዛ እየሮጠች ሄደች።

አይቨር ትራስ ተደግፎ፣ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተሰክቶለት ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ አልቋል። ራስል አልጋው አጠገብ ቆሞ ተናገረ፤ ስሙን እንደፋቀ፣ ቀለሙን እንደፋቀ፣ መፍቻውን ለምን እንዳልተዋሰ። ማልቀስ ጀምሮ ነበርና ከፊሉ አልተሰማም።

አይቨር ጣሪያውን እያየ መለሰለት። በመካከሉ እያረፈ ነው የተናገረው።

«መዳፌ ነግሮኝ ነበር። የብረት ለቃሚ ነገር ውሸት እንደሆነ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ሰው ፊት አላዋርደውም ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቼ ለብቻህ ልቆጣህ ነበር።» አረፈ። «ውስጡን አየኸው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁህም። ሠላሳ ዓመት በርሜል ያጠብኩ ሰውዬ! ስርቆት ብቻ መስሎኝ።»

ራስል ይቅር በለኝ ሊል አፉን ከፈተ። አይቨር ግን እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ክንዱን ጨበጠው፤ ከሕመምተኛ የማይጠበቅ ጉልበት ነበረው።

«እኔን ተወኝ» አለ። «ብሮንዊን የት አለች?»

ብሮንዊን ልጁ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ራስል ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አይቷት፣ ዓይኗን ሸሽቶ ነበር ያለፋት። ውጭ ናት አለው።

«ማታ ማታ ብቻህን አትጠጣ እያለች አብራኝ ትቀዳ ነበር» አለ አይቨር። «ብርጭቆ ለብርጭቆ ነው የጠጣነው። ሄደህ ንገራት። እኔ ትንፋሹ የለኝም።»

ራስል ወጣ። ብሮንዊን እንዳየችው ቦርሳዋን ካጠገቧ አንስታ ቦታ ለቀቀችለት። መምጣቱ አባቷን ደስ እንዳሰኘው፣ ከሰው ሁሉ አብልጦ እንደሚወደው ነገረችው። ድምፅዋ ሻክሯል። የያዘችውን ውሃ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና ጠርሙሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መዋጥ አቅቶኛል» አለች ጉሮሮዋን ይዛ። «ከለቅሶው ይሆናል መሰለኝ።»

ራስል አልተቀመጠም።

«ከለቅሶው አይደለም፣ ብሮንዊን» አላት።