የቧሂት ሸጋ አየር

ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ወንድሜን ማለደን ደግፌ መካነ ብርሃን ላይ አውቶቡስ ውስጥ አስገባሁት። ሰዓቱን የማስታውሰው ሾፌሩ አለምነህ «አንድ ሰዓት ብያችሁ ሩብ አሳለፋችሁብኝ» ብሎ በተሳፋሪው ሁሉ ላይ ስለተቆጣ ነው። ያሳለፍንበት እኛ ነበርን። ማለደ ድሮ ኩንታል ገብስ ተሸክሞ የሚመላለስበትን መንገድ ያን ቀን እየተቀመጠ፣ እየተነሳ፣ ግድግዳ እየያዘ ነው የጨረሰው።

ማለደ ታላቄ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ወፍጮ ቤት ነው። በአንድ በኩል የናፍጣው ጭስ፣ በሌላ በኩል የዱቄቱ ብናኝ፣ መሀል ላይ እሱ። ሳሉ ሲጀምረው የዱቄት ነው ተባለ። ሲብስበት የብርድ ነው ተባለ። ለጥምቀት ከጎንደር ልጠይቀው ስወጣ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። መተኛት ከተወ ሰንብቷል፤ ጋደም ሲል ይታፈናል። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ሳንባው እንደደከመ፣ ጎንደር ብወስደው እንደሚሻል ነገረኝ። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ወጥቷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ልጠብቅ ወይስ በአውቶቡስ ልሞክር ብዬ ሳመነታ ማለደ ራሱ በአውቶቡስ እንሂድ አለ። ከዚያ በኋላ የነበረኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ እስትንፋሱ ሳይቋረጥ ጎንደር ላድርሰው።

አውቶቡሱ በዓል ውሎ በሚመለስ ሰው ጢም ብሏል። ቅቤው፣ የታሰረው ዶሮ፣ ዝናብ ነክቶት ያልደረቀ ጋቢ፣ የሰዉ ትንፋሽ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። መስኮቱ በሙሉ ዝግ ነው። ማለደን በመስኮት በኩል አስቀመጥኩትና መስታወቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ገፋ አደረግኩት። ገና እጄን ሳልመልስ ከኋላዬ ያሉት አያ ወልደኢየሱስ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ደባርቅ ችሎት ያለባቸው፣ ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ልትፈጂን ነው?»

በሽተኛ መያዜን፣ አየር እንዳጠረው ነገርኳቸው።

«እኛስ የምንስበው ምን ይመስልሻል? አየር አይደል? ይኸው ሞልቷል።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከፊት የተቀመጠችው ወጣት፣ ቃልኪዳን ትባላለች፣ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ታቅፋ ደባርቅ እናቷ ቤት ልትታረስ ነው የምትሄደው። አማቷ ዞር ብለው አራስ ይዘን እንዴት መስኮት ትከፍቻለሽ፣ ብርድ ቢገባት ማን ሊጠየቅ ነው አሉኝ። አራስን ንፋስ አይንካት ብሎ ያደገ ሰው ነኝ፤ እኔንም በአራስነቴ እንደዚያው ዘግተውብኝ ነበር። ቃልኪዳን ግን ግንባሯ በላብ ተጠምቋል፤ ትንሽ ቢከፈት ደስ እንደሚላት በቀስታ ተናገረች። አማቷ የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ደረቡባት።

መስታወቱን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩት። አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ ዘጋው። እንደገና ከፈትኩ። በዚህ መሀል ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ያለው፣ ማር ሊገዛ ወጥቶ የሚመለሰው በድሩ የሚባል ነጋዴ ከመተላለፊያው ላይ ሆኖ «እናንተ ሰዎች፣ ይሄን መስኮት የዘጋው ጣሊያን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የደፈረው የለም» አለ። እንደገና ተሳቀ። ሳቁ መስኮቱን ይከፍትልኛል ብዬ ነበር፤ አልከፈተውም።

ማለደ አንድ ቃል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መተንፈስ ስለነበረበት ቃሉን ይቆጥባል። እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ተይ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እሱ ተይ ባለኝ ቁጥር ይብስብኝ ነበር።

መንገዱ ወደ ቧሂት ተራራ ሲያቀና አውቶቡሱ እየደከመ መጣ። ያንን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላይኛው ጋ ስትደርስ ሰማዩ ይቀርባል፣ ዛፍ የሚባል ይጠፋል፣ የብርዱ ተክል ጅብራው ብቻ ቆሞ ይቀራል። አለምነህ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም፤ ጥቁር ጭስ ከኋላ ይተፋል፤ የጭሱ ሽታም በወለሉ በኩል እየሾለከ ወደ እኛ ይገባል።

«ማኪናዋ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» አለ አለምነህ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማለደ ቀና አለ። ዕድሜውን ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ነውና የሞተር ነገር ሲነሳ ዝም አይልም።

«እኩያዬ... ናት» አለ።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። የሳቀው ሰው ግን ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ሲል የማለደን ፊት አየ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አፍንጫው እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል፣ የአንገቱ ጅማት ተገትሯል። ሳቁ ቀጥ አለ። የቃልኪዳን አማት አማተቡ። አያ ወልደኢየሱስ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አወረዱ።

የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። እስኪያዝን ድረስ ድንጋይ ነው፤ ካዘነ በኋላ የሚያቆመው የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣት የምታህል ቀዳዳ የከለከለኝ ሰው በአንድ አፍ «አቁም፣ አቁም» አለ። መስኮት ምን ያደርግለታል፣ ይውረድና ሸጋ አየር ይውሰድ፣ ይሄ አየር እኮ መድኃኒት ነው ተባለ። አለምነህም አላቅማማም። በዚያ መስመር እንዲህ ያለ ልማድ አለ። የደከመው፣ ያስመለሰው፣ ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ሾፌሩ የተራራው ማለፊያ ላይ ያቆማል፤ የወረደው አየር ይወስዳል፣ የቀረው ቆሎውን ይበላል። አናቱ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ዳገት በሌለበት ቦታ፣ አውቶቡሱ ቆመ።

አራት ጎልማሶች ማለደን እንደ ታቦት አክብረው አወረዱት። በድሩ አዲስ ብርድ ልብሱን ከማሰሪያው ፈትቶ ድንጋይ ላይ አነጠፈለት። አያ ወልደኢየሱስ የራሳቸውን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣሉበት፤ ፊቱን ግን ወደ ንፋሱ አዞሩት። ንፋሱ ከገደሉ በኩል እያፏጨ ይመጣል። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይሸትም። እኔም አልጠላሁትም፤ ከዚያ ሽታ ስወጣ የተገላገልኩ መሰለኝ።

«ሳብ አድርግ፣ ሳብ አድርግ አያ ማለደ» ይሉታል አያ ወልደኢየሱስ፣ በዕድሜ እሳቸው እየበለጡት። «ፈረንጁ ስንት ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ይሄን ሊስብ ነው።»

ማለደ ሳበ። ደግሞ ሳበ። የከንፈሩ ጥቁረት ወደ ጥፍሩ ወረደ። እንሂድ አልኳቸው። ትንሽ ይቆይ፣ ገና አልጠገበም አሉኝ። አሁንስ ይብቃ ስላቸው አንዱ ቅድም አየር አየር ብለሽ አሳበድሽን፣ አሁን ሲገኝ ምነው ብሎ ወረፈኝ። ሰዉ ተበታትኖ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ልጆች በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ያባርራሉ፣ አለምነህ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ይጨምራል። ሁሉም ጥሩ ነገር እየሠሩ መሆናቸውን ያምናሉ። እኔ ምን እንደምቃወም አላውቅም። የማውቀው ወንድሜ እየባሰበት መሆኑን ነው።

ማለደ እጁን አወጣና ነጠላዬን ያዘኝ። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«የትናየት» ብሎ በስሜ ጠራኝ። ዕረፍት አደረገ። «ንፋስ አለ... አየር የለም።»

ያለውን ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። አያ ወልደኢየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እየቃዠ ነው ጎበዝ። ንፋስና አየር ምን ለየው?»

ያን ጊዜ በድሩ ተነስቶ ሰውዬው የሚለውን ራሱ ያውቃል፣ እናንሳው አለ። ከተራራው አናት ያወረደን በድሩ ነው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ያኔ ግን ቆመን የቆየነው ግማሽ ሰዓት ሊሆን ምን ቀርቶት።

አውቶቡሱ ቁልቁል ጨነቅ ወደሚባለው ቦታ ሲወርድ፣ መስኮቱ እንደገና ተዘግቶ፣ ቅቤው እንደገና እየሸተተ፣ የማለደ ትንፋሽ ትንሽ ረጋ አለ። ማንም ልብ አላለውም። ልብ ያሉትም ሸጋው አየር ሠራለት አሉ። ሳንቃበርን አልፈን ደባርቅ ስንገባ ራሱን ስቶ ነበር። እዚያ ኦክስጅን አደረጉለት፤ ቱቦው አፍንጫው ላይ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ጥፍሩ ቀላ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። በአምቡላንስ ጎንደር ገባን። ሐሙስ ጠዋት አረፈ።

ሐኪሙ ሳንባው ከጥንቱ ያለቀ እንደነበር ነገሩኝ። ያ ማለፊያ ላይ መቆማችን ገደለው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለብቻው አልገደለውም፣ አልጠቀመውምም አሉኝ፤ ስለ ከፍታ ሊያስረዱኝ ጀምረው ሌላ በሽተኛ ጠራቸው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ግማሹን ከሰማሁ ሌላውን ግማሽ ሳላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጎንደር ማራኪ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ክፍል የተከራየችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብሌንን አስቸገርኳት። መጀመሪያ በቃል ነገረችኝ፣ ቀጥሎ የታናሽ እህቷን የሳይንስ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ከተዝካሩ በፊት ጨረስኩት።

አየር አንድ ነገር አይደለም። ከመቶው እጅ ሰባ ስምንቱ ናይትሮጅን የሚባለው ነው፤ እንስበዋለን፣ እንዳለ መልሰን እናወጣዋለን። ሃያ አንዱ ኦክስጅን ነው። የቀረችው አንዲት እጅ የልዩ ልዩ ናት፤ እኛ የምናስወጣው፣ ገብሱ ደግሞ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያች ውስጥ አለ፣ እሱም በጣም ጥቂት። ለሕይወት የሚሠራልን ኦክስጅኑ ነው። ከሳንባ በደም ተጭኖ ወደ ሥጋችን ሁሉ ይሄዳል፤ የበላነውን ያለ ነበልባል ያነደዋል፤ ሙቀቱም ጉልበቱም ከዚያ ይወጣል። ዓሣው ከውኃው፣ የገብሱ ሥር ከአፈሩ ይህንኑ ይስባል። ያጣ ሥጋ ምድጃው እንደጠፋ ቤት ይቀዘቅዛል።

ያናደደኝ የሚቀጥለው ገጽ ነው። ቧሂት ላይም ከመቶው ሃያ አንዱ ኦክስጅን ነው ይላል፤ አልጎደለም። የሳሳው አየሩ ራሱ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘውን፣ ያን ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሰው ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አያገኝም። ጤነኛ ሳንባ ቶሎ ቶሎ እየሳበ ያካክሰዋል። የማለደ ሳንባ ማካካሻ አልነበረውም። ንፋሱም ያው የሳሳው አየር ሲሮጥ ነው፤ ስለሮጠ አይወፍርም። የተሟገትኩለት መስኮት እንኳ ቢከፈት ሽታውንና ጭሱን ያስወጣ ነበር እንጂ ተራራውን ዝቅ አያደርገውም። ሞተሩም ናፍጣውን የሚያነደው በዚሁ ኦክስጅን ነው። ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ የተፋው እሱን ስላጣ ነው። ያ ሁሉ ሰው የማኪናዋን ድካም በጆሮው እየሰማ ነው ወንድሜን እዚያው ያወረደው።

ሬሳውን ይዘን በዚያው መንገድ ተመልሰን መካነ ብርሃን ቀብረነው ነበርና ለአርባው ወጣሁ። በድሩ ቡና ከስኳር ጋር ይዞ ከጎንደር ድረስ መጣ። አያ ወልደኢየሱስም መጡ፣ አለምነህም መጣ። ያጽናኑኝ ሁሉ አንድ ነገር ተናገሩ፤ «እሱስ ቢሆን ሸጋ አየር ስቦ ነው የሄደ»። ሦስተኛው ሰው ይህን ሲለኝ አልቻልኩም፤ በተዝካሩ መሀል ስለ ናይትሮጅንና ስለ ኦክስጅን ማስረዳት ጀመርኩ። ሴቶቹ ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጣ ብለው እጄን ያዙኝ። አያ ወልደኢየሱስ ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ እግዜር ለደጋ ሰው ከቆላ ሰው ያነሰ አየር የሚሰጥበት ምክንያት እንደማይታያቸው ነገሩኝ። እኛ ተወልደን ያደግንበት አይደል ወይ አሉኝ። ጤነኛው ለምዶት ነው፣ በሽተኛው ነው የማይችለው አልኳቸው። ጠላቸውን ጠጡ።

የቀረኝ ተስፋ አለምነህ ነበር። እሱ ሞተር ያውቃል። ለብቻው ወስጄ ማኪናህ ቧሂት ላይ ለምን ትደክማለች አልኩት። አየሩ ቀጭን ነው፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም አለኝ፤ አንዳች ሳይሳሳት። እንግዲያው ሰውም እንደዚያው ነው አልኩት።

ያዘነልኝ ይመስላል።

«ተይ እንጂ እቴ» አለኝ። «ሰው ማኪና ነው እንዴ?»

በሰኔ ወር ሳል የጸናባት አንዲት ሴት ከመካነ ብርሃን በዚያው አውቶቡስ ተሳፈረች። ቧሂት ላይ አቁመው አየር አስወሰዷት። ደባርቅ በሰላም ገባች፤ ሸጋው አየር ሠራላት ተባለ።