መስቀሉ በመፈተሻው በር

...ሌላ ማንም ቢሆን ግድ አይሰጠውም ነበር፣ ግን ቀሲስ ፍቅረማርያም፣ የንስሐ አባቱ፣ ከስንቱ ሰው መርጦ እግዜር ዛሬ እሳቸውን እዚህ ሰልፍ ላይ ያቆማቸዋል? ያውም ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ የነሐስ መስቀላቸውን ይዘው። ሦስት ሰው ይቀድማቸዋል። አክሊሉ የኦክላንዱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው ይፈትሻል፣ ቀበቶ ፍቱ፣ ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ ይላል፣ አፉ ነው እንጂ ልቡ መስቀሉ ላይ ነው።

ለምን እንደመጡ ያውቃል፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ አቤሴሎም ዛሬ ይፈረድበታል፣ ስለ ጠባዩ ሊመሰክሩለት ነው፣ ችሎቱ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ዝም ብሎ ያሳልፋቸው? ባለፈው ሳምንት የሚያውቃቸውን እትዬ የወርቅውሃን አፍሮ ቦርሳቸውን ሳይከፍት አሳለፈ፣ አለቃው አብኔር ካሜራ ላይ አየው፣ ዋርኒንግ ጻፈበት፣ ሁለተኛ ብትደግማት ባጅህን ታስረክባለህ አለው፣ ይኸው ዛሬ እጁን አጣጥፎ ከጀርባው ቆሟል።

ቤስ ሪቭስ። ምነው አሁን ትዝ አለው? ልጁ ሐሴት ነች፣ ለትምህርት ቤት ስለ ድሮ ማርሻሎች፣ ስለ ፌዴራል ሕግ አስከባሪዎቹ፣ ጽፋ፣ ዳዲ ሊስን እያለች እራት ላይ ያነበበችለት፣ ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ ማንበብ የማይችል፣ የመያዣ ትእዛዙን ሰው እያነበበለት በቃሉ የሚይዝ፣ ወንበዴውን በፈረስ እያሳደደ የሚለቅም ጀግና። የገዛ ልጁን አሰረ፣ እሺ፣ ይሁን፣ ልጅ ያጠፋል። ግን ያጠመቀውንም ቄስ አሰረ ይባላል፣ ውስኪ ሸጠ ተብሎ። ኧረ የማይረባ! አለ አክሊሉ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀርቶ፣ ቄስ ይታሰራል? ዳዲ፣ ኢት ዎዝ ሂስ ጆብ፣ ሥራው እኮ ነው፣ አለችው። ለእሷ ቀላል ነው።

ደረሱ። እንደምን አደሩ አባታችን፣ ጎንበስ ሊል ሲል ራሱን ይገታል፣ መስቀሉን እዚህ ያስቀምጡልኝ። እዚህ የቱ ላይ? ትሬዩ ላይ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ። ቄሱ ትሬዩን ያዩታል፣ አሁን የሰው ጫማ የወጣበት ነው፣ መስቀል በጫማ ቦታ፣ አክሊሉ? አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ስሙን ሲጠሩት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል። እውነታቸውን ነው። የሐሴት ግንባር ላይ ያረፈ መስቀል ነው፣ እሱ ራሱ ከመሳለም በቀር ነክቶት አያውቅም። ይለፉ ቢላቸውስ፣ ማን ይጎዳል፣ መስቀል እኮ ነው፣ ቦምብ አይደል። ኧረ ተው። ቅድም ቀበቶውን ፈትቶ ሱሪውን በእጁ ይዞ ያለፈው ሽማግሌስ፣ እሱ የማንም አባት አይደለም? በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይል ነበር የሰፈሩ ሰው፣ እሱም ይል ነበር፣ በአፍ ቀላል ነው።

ከሥር ንጹሕ ትሬይ ይስባል፣ መሐረቡን አውጥቶ ያነጥፍበታል። ይቅር ይበሉኝ አባታችን፣ ሳይፈተሹ አላሳልፍዎትም።

ከኋላ አንዱ ይስላል። ከዚያ ቄሱ በገዛ እጃቸው፣ ቀስ ብለው፣ መስቀሉን መሐረቡ ላይ ያስተኙታል። ሲያልፉ በሩ ይጮሃል፣ የካባቸው ማያያዣ ይሆናል፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ፣ ይዘረጋሉ፣ መፈተሻውን በደረታቸው፣ በጎናቸው ያሳልፋል፣ ኃጢአቱን አንድ በአንድ የሚያውቁትን ሰው፣ ያፍራል፣ በጣም ያፍራል፣ ግን አንዲት ቦታ ሳይዘል ይጨርሳል።

መስቀሉ ከማሽኑ ይወጣል፣ ቄሱ ያነሱታል። አክሊሉ አንገቱን ይሰብራል፣ አብኔር ቢያይ ይይ፣ ግንባሩን አቅርቦ ይጠብቃል።

መስቀሉ አይመጣም። ሥራህን ጨርስ ልጄ፣ ይላሉ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

ቀና ሲል ጀርባቸውን ነው የሚያየው፣ ተቀይመውት ይሁን፣ ቸኩለው ይሁን፣ ወይስ እንደ ሐሴት ሥራው መሆኑ ገብቷቸው፣ ማን ያውቃል፣ ሊፍቱ ይዘጋል። ኔክስት፣ ይላል አክሊሉ፣ መሐረቡን ከትሬዩ አንስቶ አጥፎ ኪሱ እየከተተ፣ ኔክስት ፕሊዝ።